ጋሽ በየነና የቅዳሜው የጀርመን ፊልም

ጋሽ በየነ ጃርሶ አርፈዋል። በያቤሎ፣ በክብረ መንግሥት፣ በአሬሮና በሞያሌ ያላችሁ፣ ከዚያም አልፋችሁ የተበተናችሁ፣ በአንድ ወቅት ነገሌ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተጨናንቃችሁ የጀርመን ፊልም ያያችሁ ሁሉ ይህን እወቁት። ስኳር በሽታ ሲጎትታቸው ቆይቶ ባለፈው ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ በራፋቸው ላይ በተቀመጡበት ወንበር እንዳሉ ሄዱ። ቀበርናቸው። እኔም ይህን ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። በዚህ ዕድሜዬ ዋናው ሥራዬ መቅበር ሆኗል። ድንኳን ተተክሎ ሳይ ማን እንደሞተ ከመጠየቄ በፊት ወገቤን ያመኛል። በጋሽ በየነ ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምቼ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «በልዩ ልዩ የሥራ ዘርፎች ተሰማርተው ያገለገሉ» ተባለ። ምን ልዩ ልዩ አለ? ሰውዬው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት መኪና መጠገንና ፊልም መተርጎም ነው። ሁለቱንም ሲሠሩ አይቻለሁና ልመስክር።

ጋሽ በየነ በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ተልከው የከባድ መኪና ጥገና የተማሩ ወታደር ነበሩ። ሲመለሱ ነገሌ ጦር ሰፈር ተመደቡ። መንግሥት ተለውጦ ሠራዊቱ ሲበተን መለዮአቸውን አውልቀው፣ አንድ ሻንጣና የመፍቻ ሣጥን ይዘው ገበያው አጠገብ ቤት ተከራዩ። የዕርዳታ ድርጅቶችንና የክሊኒኮችን መኪና መጠገን ጀመሩ። የተዋወቅነውም ያኔ ነው። እኔ በሚሲዮን ክሊኒክ ጤና ረዳት ነበርኩ፤ መኪናችን ደግሞ ከበሽተኞቹ ይልቅ ራሱ የሚታከምበት ጊዜ ይበዛ ነበር።

በዚያ ሰሞን የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከተማችን ውስጥ ይኖር ነበር። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌቪዥኑን፣ የቪዲዮ ማጫወቻውንና አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ለጋሽ በየነ ትቶላቸው ሄደ። በዚህ ሁሉ ቆላ በቋንቋው ያጫወቱት ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጋሽ በየነ ካርቶኑን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ ክሊኒኩ በር ላይ አገኙኝ።

«ዶክተር፣ ቪዲዮ ቤት ልከፍት ነው» አሉኝ። ዶክተር የሚሉኝ ለማሾፍ ነው።

«በጀርመንኛ? ማን ሊሰማው ነው ጋሽ በየነ?»

«እኔ እሰማላችኋለሁ። እናንተ እዩ።»

እንዳሉትም ሆነ። የመኪና መለዋወጫ ያስቀምጡበት የነበረውን የቆርቆሮ ክፍል አጽድተው አግዳሚ ደረደሩበት። ጄኔሬተሩን ራሳቸው ከተጣለ ዕቃ ለቃቅመው ገጣጠሙት። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ተዋናዩ ይናገራል፤ እሳቸው መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ ይደግሙታል። ተዋናዩ ዝም ሲል እሳቸውም ዝም ይላሉ። ሲሳደብ ግን ሽማግሌዎች ስላሉ «ሰደበው» ብለው ያልፉታል።

በከተማው ሌላም ቪዲዮ ቤት ነበረ። የዚያ ቤት አስተርጓሚ ምላሱ ቅቤ ነው፤ የህንድ ፊልም እየተረጎመ በመሐል የሰፈር ሐሜት ይጨምርበታል፣ ተዋናይዋን የነገሌ ልጅ ያደርጋታል፤ ሰውም እየሳቀ ይወድለታል። ጋሽ በየነን ግን ይህ ያንገሸግሻቸዋል። «የሰው አፍ አደራ ነው» ይሉ ነበር። «ያላለውን ከጨመርክበት፣ ያለውን ደግሞ ከቀነስክበት፣ ሰውየው የሞተ ያህል ነው፤ ሊከራከርህ አይችልም።» ስለዚህ እሳቸው ቤት ሳቅ ጥቂት ነበረ። ሰው ግን ሞልቶ ይፈስ ነበር።

በራፋቸው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ነበራቸው። የዕለቱን ፊልም ስም በጠመኔ ይጽፉና ከሥሩ ፍርዳቸውን ያሰፍራሉ። መልካም ከሆነ «ይታያል»፤ ካልሆነ «ባይታይም ይቻላል»። ባለቤቱ ራሱ ደንበኛ የሚመልስበት ቤት እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያየሁት። የጎረቤታቸው ባለሱቅ ሸምሱ «ጋሽ በየነ፣ እኔ ስኳሬ ላይ ‹ባይገዛም ይቻላል› ብዬ ብጽፍ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?» ብሎ ያሾፍባቸው ነበር።

«አንተ ስኳር ነው የምትሸጠው። እኔ ሁለት ሰዓት ነው የምወስድባቸው» አሉት።

ፍርዳቸው ደግሞ መላ አለው። የድብድብና የማሳደድ ፊልም ሲሆን ጥይት ይቆጥራሉ። «ጥይት የማያልቅበት ሰው ካየህ ማጫወቻውን አጥፋ፤ የሚያታልልህ እሱ ነው» ይሉናል። አንድ ነዳጅ የጫነ መኪና ተራራ ላይ ፍሬን የሚበጠስበት ፊልም ነበራቸው፤ እኛ «ፍሬኑ» እንለው ነበር፤ የጀርመንኛ ስም ማን ይይዛል? እሱን አሥር ጊዜ ያሳዩን ይሆናል። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ የእሳቸው ቀኝ እጅ ከኋላቸው ተፈትቶ አብሮ ይቀንሳል። «ይህን የጻፈው ሰው እጁን ግራሶ ነክቶታል» ብለው መሰከሩለት። ሰሌዳው ላይም «ይታያል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

የጦር ፊልም ሲሆን ግን ድምፃቸው ይቀንሳል። ጀርመኖች የሠሩትን የጦር ፊልም ከሌላው የሚያስበልጡበት ምክንያት ነበራቸው። «የተሸነፈ ሰው ጦርነትን አያሳምርም» አሉኝ አንድ ቀን፣ የመኪናችን ሞተር ውስጥ አንገታቸውን ቀብረው። «ያሸነፈው ፊልሙን በሙዚቃ ይጨርሳል። የተሸነፈው እግሩን ሲጎትት ነው የሚጨርሰው። እኔ ደግሞ እግሬን ስጎትት ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ እንግባባለን።» ስለ ራሳቸው ጦር ሜዳ ከዚህ በላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት «ድስቱ» ያልነውን ነበር። በበረዶ ውስጥ ለጦሩ ሾርባ የሚያደርሱ የወጥ ቤት ወታደሮች ታሪክ ነው። ጎማ ያለው፣ በፈረስ የሚጎተት ትልቅ ድስት አላቸው። ፈረሱ ይደክምና ይወድቃል፤ ከዚያ ራሳቸው ይጎትቱታል። ሾርባውን የሚጠብቀው ጦር ከኮረብታው ማዶ ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። ከመካከላቸው አንድ ጢሙ ገና ያልበቀለ ጎረምሳ አለ፤ የኛ ሰው «ጉርባ» አለው፣ በኦሮምኛ ልጁ እንደማለት ነው። ከፊልሙ መጨረሻ ትንሽ ቀደም ብሎ ጉርባ ድስቱ አጠገብ በረዶው ላይ ይወድቃል። ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ደረቱን ያዳምጥና «ሞቷል፤ ተነሱ እንሂድ» ይላል። ጋሽ በየነ ይህቺን ቃል ሲተረጉሙ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆዩ ነበር፤ ግን ይሏታል።

በሰሜን የድንበሩ ጦርነት የተነሳ ጊዜ ከከተማችንም ከገጠሩም ብዙ ወጣት ዘመተ። ከነሱ አንዱ የአዴ ሎኮ ልጅ ገልገሎ ነበር። አዴ ሎኮ (አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው) ከገጠር ወተት እያመጡ ገበያ የሚሸጡ፣ ከጋሽ በየነም በዕድሜ ከፍ የሚሉ እናት ነበሩ፤ ከገልገሎ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ጦርነቱ ቆመ ተባለ። የሌሎች ልጆች ተመለሱ፤ የአንዳንዶቹም መርዶ መጣ። ስለ ገልገሎ ግን አለም የለምም የሚል ጠፋ። አዴ ሎኮ ወተታቸውን እየሸጡ መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። አንገታቸው እንዲያ ሆኖ የቀረ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ «ድስቱ። ይታያል።» ተብሎ ተጽፎ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ ፊልሙ ሊጀመር ሲል አዴ ሎኮ የወተት ጀሪካናቸውን በሩ ሥር አስቀምጠው ገቡ። ከዚያ በፊት ቪዲዮ ቤት ረግጠው አያውቁም።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ሁላችንንም ሰላም አሉን። ከዚያ ወደ ጋሽ በየነ ዞረው በኦሮምኛ ቀጠሉ፤ «በየነ፣ ወታደር የሚያሳይ ነው አሉኝ። ልጄ ያለበት ነገር ምን እንደሚመስል ልይ ብዬ ነው።»

ጋሽ በየነ ፊታቸው ተለወጠ። «አዴ፣ ዛሬ ሌላ ላሳይዎት። የመኪና አለ፣ ጥሩ ነው።»

«መኪናማ ሁልጊዜ አያለሁ። ወታደሩን አሳየኝ» አሉ፤ ሸምሱ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላቸው፣ ከፊት ተቀመጡ።

ፊልሙ ሄደ። አዴ ሎኮ ገና ከጅምሩ ዓይናቸውን ጉርባ ላይ ተከሉ። ሲስቅ ይስቃሉ፤ እጁን ሲያሞቅ የራሳቸውን እጅ ነጠላቸው ውስጥ ይከታሉ። «ይህ የማን ልጅ ነው? እናቱ አለች?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ በየነ «ፊልሙ አልተናገረም» አሉ። ፈረሱ ወደቀ። ድስቱን ጎተቱት። እኛ ሁላችን የሚመጣውን እናውቃለንና አግዳሚው ላይ መቁነጥነጥ ጀመርን። እኔ እንኳ፣ መርዶ ሥራዬ የሆነው ሰውዬ፣ ወጥቼ ልሂድ ወይ ብዬ ነበር።

ጉርባ ወደቀ። ወጥ ሠሪው ደረቱን አዳመጠ። ያቺን ቃል በጀርመንኛ አላት።

«ምን ሆነ?» አሉ አዴ ሎኮ። «በየነ፣ ምን አለ ሰውየው?»

ጋሽ በየነ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። ከዚያ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ እንደ ደንባቸው፣

«ደክሞታል። ይነሳል» አሉ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከአዴ ሎኮ በቀር ፊልሙን ደጋግሞ ያላየ ሰው እዚያ አልነበረም፤ ማንም ግን አልሳቀም፣ ማንም ጎረቤቱን አልጎሸመም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት ነገር በዚያ ቆርቆሮ ቤት የሞላ ሕዝብ ሲያደርገው አየሁ። በመጨረሻ ሸምሱ፣ በፊልም መሐል አፉን ዘግቶ የማያውቀው ሸምሱ፣ «ይነሳል እንጂ! ጠንካራ ልጅ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌሎችም «ይነሳል፣ ይነሳል» አሉ። ጋሽ በየነ እጃቸውን ዘርግተው ማጫወቻውን አጠፉ። «ካሴቱ ተበላሽቷል፤ ለዛሬ ይቅርታ» አሉ። አንድም ሰው አላጉረመረመም።

በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዴ ሎኮ አንድ ብርጭቆ ወተት ለጋሽ በየነ ይዘው መጡ። «ተሠራ ካሴቱ? ልጁ ሲነሳ ልይ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ምን ላውራችሁ! ስንት ቅዳሜ እንደሆነ አላስታውስም፤ ጋሽ በየነ «ድስቱን» ያስጀምራሉ፣ ጉርባ ይወድቃል፣ «ደክሞታል፣ ይነሳል» ይላሉ፣ ጄኔሬተሩ ይጠፋል ወይም ካሴቱ ይበላሻል። ሕዝቡም አብሮ ይዋሻል። ያ ቃል የማይጨምር ሰው ከሳ። አንድ ቀን ደም ግፊታቸውን ልለካ ቤታቸው ብሄድ ክንዳቸውን ሰጥተውኝ ጣሪያ ጣሪያ ያዩ ነበር።

«ዶክተር፣ አንዲት ቃል ጨመርኩ፤ አሁን ፊልሙ በሙሉ የኔ ሆነ። ከበደኝ።»

«ታዲያ ይንገሯቸዋ።»

«ምን ብዬ? ጉርባ መሞቱን አውቃለሁ። የሳቸው ልጅ መሞቱን ግን አላውቅም። የማላውቀውን በምን አፌ ልተርጉም?»

ግፊቱ ከፍ ብሎ ነበር፤ ጨው ይቀንሱ ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ መርዶው መጣ። የቀበሌ ሰዎችና ሽማግሌዎች ማለዳ አዴ ሎኮ ቤት ሄደው የገልገሎን መሞት ነገሯቸው። ከተማው ለቅሶ ተቀመጠ። ጋሽ በየነ ቪዲዮ ቤቱን ዘግተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ከእኔ ጋር ሄዱ። አዴ ሎኮ ፊት ሲደርሱ ዝቅ አሉና «አዴ፣ ይቅር በሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ» አሉ።

አዴ ሎኮ ያለቀሰ ዓይናቸውን ቀና አደረጉ። «በየነ፣ እኔ ድርቅ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከብት ሲወድቅ የሚነሳውንና የማይነሳውን ከጆሮው አውቀዋለሁ። ያ ልጅ ሲወድቅ እንደማይነሳ አወቅኩ። ግን ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ለፍላፊ ሸምሱን ጭምር፣ ለኔ ብሎ ሲዋሽ አየሁት። እንግዲያው እኔም አንድ ሳምንት ልጨምር አልኩ። በየሳምንቱ እንዲያ አልኩ።»

ጋሽ በየነ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አዴ ሎኮ አንድ ቅዳሜ መጡና «አሁን እስከ መጨረሻው አሳየኝ። ያለውን ሁሉ ንገረኝ» አሉ። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጉርባ ወደቀ። ጋሽ በየነ በሁለቱም ቋንቋ «ሞቷል፤ ተነሱ እንሂድ» አሉ። የቀሩት ወታደሮች ድስቱን እየጎተቱ ኮረብታው ላይ ወጡ። ማዶ ጦር የሚባል የለም፤ ባዶ ጉድጓድ ብቻ ነው። ወጥ ሠሪው ሾርባ ቀድቶ ለጓዱ ሰጠ፣ ለራሱ ቀዳ፣ ከዚያ ሌላ ሳህን ሞልቶ በረዶው ላይ አስቀመጠ። «ቀዝቅዟል፤ ግን አድርሰናል» አለ። ጋሽ በየነም «ቀዝቅዟል፤ ግን አድርሰናል» አሉ። ፊልሙ እዚያ ላይ ያበቃል። አዴ ሎኮ ጥቂት ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንዲህ ከሆነ ደግ ነው» ብለው ወደ ወተታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሁላችንም ታሪክ ነው። ዲሽ መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎም ሁሉም ፊልሙን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ። ቪዲዮ ቤቱ ሳሳ፤ አግዳሚዎቹን እድሩ ወሰዳቸው። ጋሽ በየነ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ወጣት ስልክ ሰረቅ አድርገው እያዩ «ይኸውልህ፣ ይህም ጥይት አያልቅበትም» ይሉኝ ነበር። እንደገና ጦርነት መጥቶ እንደገና ልጆች በመኪና ተጭነው ሲያልፉ፣ ያን አሮጌ ሰሌዳ ከጓሮ አውጥተው፣ «ድስቱ። ይታያል።» ብለው ጽፈው በሩ ላይ ሰቀሉት። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፤ ካሴቱንም ምስጥ በልቶታል። ሸምሱና እኔ መጥተን አጠገባቸው ተቀመጥን። የሚታይ ነገር አልነበረም። ጋሽ በየነ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃላቸው ነገሩን፤ አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ሌላ ማንም አልመጣም።

ቀብራቸው ላይ ወጣቱ ፓስተር ረዘም አድርጎ ሰበከ፤ አዲስ ሰው ነው፣ አያውቃቸውም፣ አልፈርድበትም። አፈር ሊመለስ ሲል አዴ ሎኮ በልጅ ልጃቸው ሳይሆን በሸምሱ ክንድ ተደግፈው ቀረቡ፤ የልጅ ልጅማ ከየት ይምጣ። ዓይናቸው አሁን ብዙም አያይም። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው በኦሮምኛ ሁለት ቃል ተናገሩ። የዚያ የቆርቆሮ ቤት ሰዎች የቀረነው በሙሉ ያን ጊዜ እንዳደረግነው ጸጥ አልን። ከዚያ ሸምሱ በተሰበረ ድምፁ «ይነሳል እንጂ» አለ። ኦሮምኛ የማይሰማው ፓስተር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እናትዬዋ ምን አሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ደክሞታል፤ ይነሳል አሉ» አልኩት። ያላሉትን አልጨመርኩም።

ጋሽ በየነ፣ ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት ሰሌዳው ላይ «ባይነበብም ይቻላል» ብለው ይሰቅሉት እንደነበር አውቃለሁ። ይሁን። በሁለት ቋንቋ ሰምተውልናል፤ እኛም ባንድ አፍ ዋሽተንልዎታል፣ እንግዲህ ተቻችለናል። ከመኪናችን ይልቅ እኔን ደጋግመው የጠገኑኝ እርስዎ ነዎት፤ በሕይወት እያሉ ይህን አልነገርኩዎትም፣ አሁን ግን ይስሙት። አዴ ሎኮ ካሉት ሁለት ቃል የመጀመሪያውን እኔው ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደክሞዎታል። ሁለተኛውን ግን እሳቸውን አምኜ ተቀብያለሁ፤ የሚነሳውንና የማይነሳውን ያውቃሉና።